«ወርቁን እይ፣ አገሩን ተወው» ላሉት ወንድማችን

ሰሞኑን ዴንቨር ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ፣ ከስሩ «አንተ ጂኦሎጂ ተምረሃል አይደል፣ እስቲ አንብበህ ንገረኝ፣ ገንዘብ ላስገባ ነው» ይላል። አነበብኩት። ውጭ ያለ ሐበሻ ገንዘቡን ባንክ ከሚያስተኛው፣ ሌላ አገር የሚሰሩ የማዕድን ካምፓኒዎችን አክሲዮን ይግዛ፣ ፖለቲካ የሚፈራ ሰው ሀብታም አይሆንም ነው ጠቅላላ ሐሳቡ። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ማዕድኑ ጥሩ ከሆነ አገሩ አያሳስብም፣ ወርቅ ሲወደድ መንግሥትም ስለሚጠቀም ስጋቱ ይቀንሳል፣ ለቀረው ስጋት ዲስካውንት ሬቱ (የወደፊቱ ገቢ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመጣ የሚቀነስበት ፐርሰንት) ላይ 5 ፐርሰንት ጨምሮ መገላገል ነው፣ ኮንትራትና ኢንተርናሽናል አርቢትሬሽን (ከአገሩ ፍርድ ቤት ውጭ ያለ የግልግል ዳኝነት) ካለ ገንዘብ አይጠፋም፣ ከፈራህ አውስትራሊያና ካናዳ ስጋት ዜሮ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት ድርሻ ያለበትን ምረጥ፣ ማንም የራሱን ቤት አያፈርስም።

አጻጻፋቸው ደስ ይላል፣ ሰውየው እንደሚያነቡም ያስታውቃል፣ ዝም ማለት ያቃተኝም ለዛ ነው፣ ገንዘብ የሚያስበላው እኮ አምሮ የተጻፈ ስህተት ነው። እኔ ጎንደር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ሆኖ ብር መንዝሮ የቶሮንቶ አክሲዮን መግዛት ቀላል ነገር ስላልሆነ «አንተ ምን አገባህ» የሚለኝ አይጠፋም። ግን የኔ አጎት በመተማ በኩል ሱዳን ባቄላ ሲልክ የኖረ ሰው ነው፣ ልጅ ሆኜ ክረምቱን አዘዞ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ስቆጥር ነበር የማሳልፈው። አምስት መኪና ጭነት ቢኖረው አምስቱንም ባንድ ቀን አያሻግርም። ሁለቱን ይልክና ሦስቱን ከድንበሩ ወዲህ ገንዳ ውሃ ላይ ያቆማቸዋል፣ የሾፌር አበል እየከፈለ፣ የረዳት ምሳ እየከፈለ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ እጁ እስኪገባ። ሰው ሲስቅበት «ድንበሩን እስክትሻገር ዋጋ ተናጋሪው አንተ ነህ፣ ከተሻገርክ በኋላ እነሱ ናቸው» ይል ነበር። ኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ውጊያ የጀመረ ሰሞን ማዶ የነበሩት ሁለት መኪናዎች ብቻ ነበሩ፣ የነዛንም ገንዘብ እስካሁን አላገኘውም፣ ሦስቱ ግን ተመልሰው ጎንደር ገበያ ላይ በርካሽም ቢሆን ተሸጡ።

እንግዲህ ማዕድን ማለት አምስቱንም መኪና ባንድ ቀን ማሻገር ማለት ነው። ጉድጓዱን ቆፍረህ፣ ድንጋይ መፍጫውን ተክለህ፣ መንገድና መብራት አስገብተህ፣ ምናምን፣ ከዛ በኋላ ነው የመጀመሪያው ወርቅ የሚወጣው። ከመገንባትህ በፊት መንግሥት ይለማመጥሃል፣ ከገነባህ በኋላ ግን ጉድጓዱን ነቅለህ ሌላ አገር አትወስደውም፣ ይሄን አንተም ታውቃለህ እሱም ያውቃል። ወንድማችን ጽሑፉን በሙሉ ሲጽፉ ይቺን ነገር አንድ ቦታ እንኳን አላነሷትም። ወደ ነጥቦቹ ልግባ፣ ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ ናቸው።

ማዕድኑ ጥሩ ከሆነ አገሩ አያሳስብም ለሚለው ፓናማን ልጥራ። ኮብሬ ፓናማ የሚባለው የመዳብ ማውጫ የካናዳው ፈርስት ኳንተም ነው፣ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት፣ ከዓለም መዳብ 1 ፐርሰንት አካባቢ ያወጣ የነበረ፣ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ 5 ፐርሰንት ገደማ ይሆን የነበረ፣ ከዚህ የተሻለ ማዕድን ከየት ይመጣል። ኦክቶበር 20፣ 2023 ፓርላማው አዲሱን ኮንትራት በጥድፊያ አጸደቀው፣ ፕሬዚዳንቱም በዛው ቀን ፈረሙ፣ ሕዝቡ ወጥቶ ለሳምንታት መንገድ ዘጋ፣ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ በጀልባቸው የማውጫውን ወደብ ዘጉበት፣ ኖቬምበር 28 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ማውጫው ቆመ፣ የካምፓኒው አክሲዮን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ያው ፍርድ ቤት በ2017 የድሮውን የ1997 ኮንትራት ሕግ በተመሳሳይ ምክንያት ውድቅ አድርጎት ነበር። ማለትም ከፍርድ ቤት የወጣ ወረቀት ለስድስት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰው የመዳቡን ጥራት እያነበበ አክሲዮን ይገዛ ነበር ማለት ነው። ደካማ ማዕድን ራሱ ይከስራል እንጂ ማንም አይሻማበትም፣ ዓይን የሚበዛበት ጥሩው ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው። ወርቅ ሲወደድ መንግሥት ይረጋጋል ይላሉ። ጭራሽ ተቃራኒው ነው! መንግሥት ውል ላፍርስ፣ ሕግ ልቀይር የሚለው ዋጋ ሲወጣ ነው፣ ርካሽ በሆነ ጊዜ የተፈረመ ውል ዋጋ ሲወጣ ዘረፋ ይመስላል፣ ሚኒስትሩ ብቻ ሳይሆን ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ወርቃችንን በነጻ እየወሰዱት ነው» ይላል፣ ደግሞ ሁሌም ውሸት ነው ማለት አልችልም፣ አንዳንዱ ውል ሲነበብ ያሳፍራል።

ማሊን እዩ። በ2023 አዲስ የማዕድን ሕግ አወጡ፣ የመንግሥት ድርሻ እስከ 30 ፐርሰንት፣ በላዩ ላይ 5 ፐርሰንት ለአገር ውስጥ ባለሀብት። ሎሎ ጉንኮቶ የሚባለውን ትልቁን የወርቅ ማውጫ የያዘው የካናዳው ካምፓኒ ባሪክ «የኔ ውል ከአዲሱ ሕግ በፊት የተፈረመ ስለሆነ አይመለከተኝም» አለ፣ በወረቀት ደህና ክርክር ነው። ኖቬምበር 2024 አራት ሠራተኞቹ ታሰሩ፣ ዲሴምበር ላይ በዋና ሥራ አስኪያጁ በማርክ ብሪስቶው ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ፣ ጃንዋሪ 2025 ሄሊኮፕተር መጥቶ 3 ቶን ገደማ ወርቅ ከማውጫው ጭኖ ሄደ፣ ካምፓኒው ሥራ አቆመ፣ ጁን ላይ ፍርድ ቤት ማውጫውን ለጊዜያዊ አስተዳዳሪ ሰጠው፣ ስምምነት የተባለው በኖቬምበር 2025 ነው የመጣው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የወርቅ ዋጋ ምን እያደረገ ነበር? እየወጣ፣ እየወጣ፣ ኦክቶበር 2025 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ 4,000 ዶላርን አለፈ። ያ ሁሉ ወርቅ መሬት ውስጥ ተቀምጦ ካምፓኒው ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ወርቅ በተወደደ ቁጥር የቆመችው እያንዳንዷ ቀን የምታቃጥለው እሱን ነው፣ መንግሥት መጠበቅ ይችላል። በዛ ላይ የሎሎ ፈቃድ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 2026 ነበር፣ ይቺን ቀን ካየሃት የባማኮዎቹ ሰዎች ለምን እንዳልቸኮሉ ይገባሃል።

ሪዞሉት የሚባል ሌላ የአውስትራሊያ ካምፓኒ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በዛው ኖቬምበር 2024 ለድርድር ብሎ ባማኮ ሄዶ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እዛው ታሰረ፣ ካምፓኒው 160 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይሄን ለአጎቴ ሳወራለት «ገንዘቡ ማዶ እያለ ራሱም ተሻገረ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሦስተኛው፣ 5 ፐርሰንት ጨምሮ መገላገል። ቁጥር የማይወድ ይሄን ይዝለለው፣ ግን የአክስቴ ልጅ አትዝለለው። ለመገንባት 500 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ ከዛ ለ10 ዓመት በየዓመቱ 100 ሚሊዮን የሚያስገባ ማውጫ አለ እንበል። በ8 ፐርሰንት ወደ ዛሬ ዋጋ ስታመጣው ገቢው 671 ሚሊዮን ነው፣ 171 ያተርፋል። እሳቸው እንዳሉት 5 ፐርሰንት ጨምረህ በ13 ስትመታው 543 ይሆናል፣ 43 ያተርፋል፣ «በቃ ስጋቱን ቀንሼለታለሁ፣ አሁንም አዋጪ ነው» ብለህ ትገዛለህ። አሁን ደግሞ ሌላውን እይ። አራተኛው ዓመት ላይ ማውጫው ቢዘጋ የገባው የዛሬ ዋጋው 331 ነው፣ 169 ሚሊዮን ኪሳራ ማለት ነው። ስለዚህ ያለህ ምርጫ ወይ 171 ትርፍ ወይ 169 ኪሳራ ነው፣ 43 የሚባለው ነገር ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ መሬት ላይ የለም። በአስር አገር አስር ማውጫ ላለው ትልቅ ፈንድ አማካዩ ይሠራለታል፣ አንዱ ቢዘጋ ዘጠኙ ይሸፍኑታል፣ አንድ ማውጫ ብቻ ያለውን ካምፓኒ አክሲዮን ለገዛ ሰው ግን አማካይ የሚባል ነገር ምን ይጠቅመዋል።

ሌላም ጣጣ አለው። ዲስካውንት ሬት ላይ ስትጨምር በጣም የሚቀጣው አሥረኛው ዓመት ነው፣ ሁለተኛውን ዓመት ብዙም አይነካውም። የፖለቲካው ስጋት ደግሞ እንደዛ በየዓመቱ እኩል እኩል አይመጣም፣ ግንባታው ባለቀ ማግስት፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ፈቃድ ሊታደስ ሲል፣ ዋጋ ሲወጣ ነው የሚቆለለው። ስለዚህ ፐርሰንቱን ትቶ በወረቀት ላይ ሦስት አራት ታሪክ መጻፍ ይሻላል፣ ቢዘጋስ፣ ሮያልቲው (ከሚወጣው ማዕድን ላይ ለመንግሥት የሚከፈለው) ቢጨመርስ፣ ወርቅ ወደ ውጭ መላክ ለስድስት ወር ቢከለከልስ፣ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ቢዘገይስ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ይቀረኛል ብሎ ማስላት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

አራተኛው የአርቢትሬሽን ነገር። እውነት ነው አለ፣ ዋሽንግተን ላይ ዓለም ባንክ ስር ያለው ኢክሲድ የሚባለው የዳኝነት ማዕከል ለዚሁ የተቋቋመ ነው (ኢትዮጵያ በነገራችን ላይ ስምምነቱን በ1965 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም)። ግን ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚከፈለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ክሪስታሌክስ የሚባል የካናዳ ካምፓኒ ቬንዙዌላ ውስጥ ላስ ክሪስቲናስ የሚባል የወርቅ ማዕድን ነበረው፣ በ2011 ተወሰደበት፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ካምፓኒው ራሱ ከአበዳሪዎች ለመሸሽ ካናዳ ፍርድ ቤት ገባ፣ በ2016 ተፈረደለት፣ 1.2 ቢሊዮን ዶላርና ወለዱ! ከዛ ገንዘቡን ለማግኘት የቬንዙዌላን የነዳጅ ካምፓኒ ሲትጎን አሜሪካ ውስጥ እያሳደደ ስንት ዓመት ፈጀ፣ ክርክሩን ሲደጉም የነበረው አበዳሪ ነው ከሚመጣው ትልቁን ድርሻ የያዘው፣ በ2008 አክሲዮኑን ገዝቶ የነበረ ተራ ሰው ግን አክሲዮኑ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። ፓኪስታን ውስጥ ሬኮ ዲክ የሚባለው የመዳብና የወርቅ ክምችት ላይ ባሪክና ሸሪኩ ፈቃድ የተከለከሉት በ2011 ነው፣ ፍርዱ በ2019፣ ወደ 5.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ፓኪስታን ያን ሁሉ በጥሬው አልከፈለችም፣ በ2022 ድርድር ተደርጎ ባሪክ ግማሹን ይዞ ተመለሰ። የሮማኒያው ሮሲያ ሞንታና የሚባለው የወርቅ ማዕድን ደግሞ አለ፣ ጋብሪኤል የሚባለው ካምፓኒ በ2015 ከሶ ማርች 2024 ላይ ጭራሽ ተሸነፈ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት የጠበቃ ደሞዝ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ እንዴ? አዲስ አክሲዮን እየሸጡ ነዋ፣ ያንተ ድርሻ እየቀጠነ።

ኢንሹራንስም አለ፣ ሚጋ የሚባለው የዓለም ባንክ ክፍል በመንግሥት መወረስን፣ ጦርነትን፣ ዶላር ማውጣት መከልከልን ይሸፍናል፣ ግን የሚሸፍነው ለገዛው ካምፓኒ ወይ ላበደረው ባንክ ነው። ካምፓኒው መግዛት አለመግዛቱን ሪፖርቱ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል፣ ወንድማችን «አለ» ስላሉ አለ ማለት አይደለም።

አምስተኛው፣ አውስትራሊያና ካናዳ ዜሮ ስጋት። ሜይ 2010 ላይ የአውስትራሊያ መንግሥት በማዕድን ትርፍ ላይ 40 ፐርሰንት ልዩ ግብር አመጣለሁ አለ፣ መቼ? ብረቱም ከሰሉም በተወደደ ጊዜ፣ የማሊው ታሪክ እኮ ነው በክራቫት። ካምፓኒዎቹ በማስታወቂያ ተዋጉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀጥለው ወር በገዛ ፓርቲያቸው ወረዱ፣ ግብሩ ተቀንሶ በ2012 ወጣ፣ በ2014 ተሰረዘ። አሜሪካም ብትሆን ያው ናት፣ አላስካ ውስጥ ፔብል የሚባለውን ግዙፍ የመዳብና የወርቅ ክምችት ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጃንዋሪ 2023 ላይ ለሳልመን ዓሣው ሲል ከለከለው፣ ከስንት ዓመት ጥናት በኋላ። እርግጥ ልዩነት አለው፣ እዛ ሄሊኮፕተር አይመጣም፣ ሥራ አስኪያጅ አይታሰርም፣ ስጋቱ በዓመታት መጓተትና በፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው የሚመጣው። ዜሮ ግን አይደለም።

ስድስተኛው «ማንም የራሱን ቤት አያፈርስም» የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ሎሎ ጉንኮቶ ላይ ማሊ ከመጀመሪያውም 20 ፐርሰንት ድርሻ ነበራት። ሄሊኮፕተሩን የላከው ባለድርሻው ነው። ባለድርሻ ትርፍ የሚካፈለው ካምፓኒው ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ ነው፣ አንዳንዴ ከአስር ዓመት በኋላ፣ ግብርና ሮያልቲ ግን ዘንድሮ ይገባል፣ ዘንድሮ ደሞዝ መክፈል ያለበት መንግሥት የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ታንዛኒያ ውስጥማ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፣ መጀመሪያ በማርች 2017 አካሺያ የሚባለው ካምፓኒ ያልተጣራ ወርቅና መዳብ እንዳይልክ ተከለከለ፣ ከዛ በጁላይ 190 ቢሊዮን ዶላር ግብር ክፈል ተባለ፣ ቢሊዮን ነው፣ አልተሳሳትኩም፣ የአገሪቱን ዓመታዊ ኢኮኖሚ ብዙ እጥፍ። መጨረሻው 300 ሚሊዮን ዶላርና 16 ፐርሰንት የመንግሥት ድርሻ ሆነ፣ አካሺያ ራሱ በ2019 በባሪክ ተገዝቶ ስሙ ጠፋ። የመንግሥት ድርሻ እዚህ ጋ የጸቡ መጨረሻ እንጂ መድን አልነበረም።

አንድ ነገር ግን እውነታቸውን ነው፣ ፈሪ ሰውም ይከስራል። ፈርስት ኳንተምን በወደቀበት የገዛ ሰው አትርፏል፣ ባሪክም ታንዛኒያ ውስጥ ዛሬም ይሠራል። ዋጋው ውስጥ ስጋቱ ከገባ በኋላ መግዛትና ሰው ሁሉ ረስቶት እያለ መግዛት አንድ አይደለም፣ እሳቸው የሚመክሩት ሁለተኛውን ነው።

ጭራሽ ያላነሱት ደግሞ መዘግየትን ነው። ሰው መወረስ መወረስ ይላል፣ አብዛኛውን ትንሽ ባለአክሲዮን የሚበላው ግን ዝም ያለው መጓተት ነው። ከኛው አገር ላንሳ፣ ወለጋ ያለውን የቱሉ ካፒ ወርቅ ኬፊ የሚባለው የለንደን ካምፓኒ በ2013 መጨረሻ መግዛት ጀመረ፣ ከአስር ዓመት በላይ አንዲት ግራም ሳይሸጥ ፋይናንስ ሲፈልግ፣ ጸጥታ ሲጠብቅ፣ በየጊዜው አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ቆየ። ማንም አልወረሰውም እኮ። ዳሎል ላይ ፖታሽ ሊያወጣ የመጣው የእስራኤሉ አይሲኤል መሠረተ ልማት አልተሟላልኝም፣ ያላግባብ ግብር ተጠየቅኩ ብሎ በ2016 ጥሎ ሄደ። የለገደንቢ የወርቅ ማውጫም አለ፣ ፈቃዱ በታደሰ ማግስት የጉጂ ሕዝብ ስለ ጤናው ወጥቶ ጮኸና በሜይ 2018 ታገደ፣ ሚኒስቴሩ የፈረመውን ጎረቤት ሊያስቆመው እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያሳያል።

የአክስቴ ልጅ፣ አሁን ወዳልከኝ ካምፓኒ። ሪፖርቱን ከፍቼዋለሁ፣ የማዕድን ጥራቱ እውነትም ያምራል፣ ግን ያለው ማውጫ አንድ ነው፣ እሱም ምዕራብ አፍሪካ፣ ግንባታውም ባለፈው ዓመት አልቋል፣ ማለትም አምስቱም መኪና ማዶ ነው። ከዛ ሒሳቡ ላይ «ከመንግሥት የሚሰበሰብ የቫት ተመላሽ» የሚለውን መስመር እይ፣ በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መንግሥት ካምፓኒን መጨቆን ሲጀምር መጀመሪያ ተመላሹን ነው የሚያስቀረው፣ ዛምቢያ ከአስር ዓመት በፊት ለመዳብ ካምፓኒዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይዛባቸው ነበር፣ ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት እዛ መስመር ላይ ይታይ ነበር። የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ደግሞ ሪፖርቱን ሁለቴ አገላብጬ አላገኘሁትም። ለባለአክሲዮኖች የሚመልሱበት ኢሜይል ከኋላው ገጽ ላይ አለ፣ ሦስት ነገር ጠይቃቸው፣ ፈቃዱ መቼ ያልቃል፣ ውሉን ያጸደቀው ፓርላማ ነው ወይስ ሚኒስትሩ ብቻ፣ የፖለቲካ ስጋት ኢንሹራንስ አላቸው ወይ። መልሱ ሲመጣ ላክልኝ፣ እስከዛ ገንዘቡን ገንዳ ውሃ አቁመው።